እጅ ላይ የሚፈላው ብርጭቆ

ቦሌ፤ የካቲት ወር ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ለክርስትና ልጄ፤

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ። ከጋራዤ ተወስዶ ዛሬ በምርመራ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ባለ ሁለት ኳስ ብርጭቆ ቦምብ አይደለም። የቦምብ ክፍልም፣ ማቀጣጠያም አይደለም። ውስጡ ያለው ቀይ ነገር ጥቂት ቀለም ጠብ የተደረገበት አልኮል ነው። ሰው ሲይዘው የሚፈላው የሰው እጅ ስለሚሞቅ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ይህ ነጥብ ካልተያዘ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሽማግሌ ልቅሶ ይሆናል። ስለዚህ ደንቡን ገልብጬ ሰላምታውን ሁለተኛ አደረግኩት፤ አትቀየመኝ።

አሁን እንደ ወጉ ልጠይቅህ። እንደምን ሰነበትክ? ያ የክረምት ሳልህ ለቀቀህ? እናትህ ከስተሻል ለሚላት ሰው ሁሉ «የእኔስ ይሁን፣ የልጄ ነው እንጂ» እያለች ነው። በአቅርቦት ክፍል እንደምትሠራ፣ ለቀበሌዎች ስኳርና ዘይት እንደምታከፋፍል፣ እሑድ እንኳ ምሳህን ሳትጨርስ መኪና መጥቶ እንደሚወስድህ ነገረችኝ። ስኳር ማከፋፈል ይህን ያህል የሚያጣድፍ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር አልኳት። ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። የውስጥ እግሬ ቁስል ዳር ዳሩ ደርቋል፤ መሐሉ ገና ነው። ጫማ ስለማይገባልኝ በካልሲ ላይ ካልሲ ደርቤ፣ ግድግዳ እየያዝኩ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ወደ ሽንት ቤት የምሄደው በጉልበቴ ነበር። የተማሪዬ የየሺአረግ እናት ወይዘሮ ደብሪቱ የጨው ውኃ እያሞቁ ያጥቡኛል። እጄ ግን ደህና ነው። ጽሕፈቴ እንዳልተበላሸ ራስህ ታያለህ።

የጋራዡን ነገር አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ቢሆንም ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ቢያስፈልግህ እንዲመችህ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

የሳይንስ ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ መምጣት የጀመሩት ገና በማስተምርበት ጊዜ ነው። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ቀመር ያውቃሉ። የጋዝን ግፊት በወረቀት ላይ አስልተው ይሰጡሃል። ቱቦ ቁረጡ ስትላቸው ግን እንደ ሸንኮራ አገዳ ጉልበታቸው ላይ ሊሰብሩት ይነሣሉ። አንድ የላቦራቶሪ ዕቃ ሲሰበር ሌላው ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ሙከራው ይቆማል። ስለዚህ ማርክ የማይሰጥበትን፣ ፈተና ላይ የማይመጣውን ነገር፣ የእጅን ሥራ ላስተምራቸው አሰብኩ። መኪና ኖሮኝ አያውቅም፤ ጋራዡ ግን ባዶውን ነበር። እሳቱን በቡታጋዝ አደረግነው። ነፋሱን የሚሰጠውን በእግር የሚረገጥ ወናፍ ከገርጂ ቀጥቃጭ አሠራን፤ በገብሱ ማሳ መሐል በትከሻህ ተሸክመህ ያመጣኸው አንተ ነህ። የመጀመሪያው ተማሪዬ አንተ ነበርክ። ብርጭቆውን ከተቃጠሉ ረጃጅም የኒዮን አምፖሎች አገኘን።

ሕጎቹ ጥቂት ነበሩ። እሳት ላይ ያለ ብርጭቆ መሽከርከሩ አይቆምም፤ ካቆምክ ወደ አንድ ወገን ይንጠባጠባል። ከእሳት የወጣ ብርጭቆ በትኩስ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘው ደግሞ ጆሮ ዘንድ ተጠግቶ በጥፍር ሳይነካና ሳይደመጥ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ሳያዳምጥ ያስቀመጠ የዕለቱን አመድ ይጠርጋል። አመድ መጥረግ ማንም ስለማይወድ ልማዱ በሁሉም ላይ ተጣበቀ። ልጆቹ ሻይ ቤት ገብተው ባዶ ብርጭቆ ሳይቀር በጥፍራቸው ነክተው እንደሚያዳምጡ፣ አስተናጋጁም «ምን ጎደለው?» ብሎ እንደሚቆጣቸው የሺአረግ እየሳቀች ትነግረኝ ነበር።

የማጠናቀቂያው ሥራ መንታው ነው። ሁለት ኳሶች ተነፍተው በቀጭን ቱቦ ይያያዛሉ፤ አልኮሉ ይገባል፣ እየፈላ አየሩን ያስወጣል፣ ጫፉም በእሳት ይዘጋል። ውስጡ አየር ስለሌለ የእጅ ሙቀት ብቻ ይበቃዋል። ይህን ማድረግ የቻለ ልጅ በየትኛውም ላቦራቶሪ አያፍርም።

ዘንድሮ ሦስት ነበሩ። ላጲሶ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ፊዚክስ ያጠናል። እጁ እንደ አካፋ ስለሆነ ወናፉ ላይ አደረግኩት። ሙክታር ኬሚስትሪ ነው፤ አባቱ መርካቶ ጨርቅ ይነግዳሉ። አፉ አያርፍም፤ «ላጲሶ በበሩ ሲገባ ብርጭቆው ፈርቶ ራሱን ይሰብራል» ይለዋል። ላጲሶም «አንተን ሰምቶ ነው እንጂ፣ መገላገል ፈልጎ» ብሎ ይመልሳል። የሺአረግ ባዮሎጂ ነች፤ የወይዘሮ ደብሪቱ አንድ ልጅ። እንደ እሷ ያለ እጅ ካንተ ወዲህ አላየሁም።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ የቤት ለቤት አሰሳ ወደ እኛ መንገድ ደረሰ። ጋራዡ ክፍት ነበር፤ የምንደብቀው ነገር ስላልነበረን በሩን አልዘጋንም። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ከገሰሰ ጋር ገቡ። ገሰሰን ታስታውሰዋለህ፤ ከማዶ ያለው የፈረንጆቹ ቪላ ዘበኛ የነበረው ነው። ከወንድሙ የሚመጣለትን ደብዳቤ ለዓመታት ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ «መምህር፣ ጡረታ ወጡ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ለካ ፋብሪካ ከፍተዋል» አለኝ። ሳቀ። እኔም ወንበር ሳብኩለት።

ቆሞ ዕቃውን ተመለከተ። ከመደርደሪያው ላይ ሙክታር በዚያ ሳምንት የጨረሰውን መንታ አነሣ። ወደ ብርሃን አደረገው፤ ነቀነቀው። ከፀሐይ ገብቶ፣ ጠመንጃ ተሸክሞ ብዙ ቤት የዞረ ሰው እጅ እንዴት እንደሚሞቅ አስበው። ቀዩ ፈሳሽ ፈላ፤ በቱቦው ወጥቶ ወደ ሁለተኛው ኳስ ተንደቀደቀ። ገሰሰ «ነፍስ አለው!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎም «ቦምብ ነው!» አለ። መጣል ፈራ፤ መያዝም ፈራ። እንደ ፍም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያገላብጠው ጀመር፤ ባገላበጠው ቁጥር ደግሞ የባሰ ይፈላል።

ሙክታር ሳቀ። እውነቱን ለመናገር የሚያስቅ ነበር።

የሺአረግ ቱቦ እሳት ላይ ይዛ ስለነበር መነሣት አልቻለችም። ከተቀመጠችበት «ጋሽ ገሰሰ፣ አይፍሩ፤ የራስዎ እጅ ነው የሚያፈላው» አለችው። ላጲሶ አንድ እግሩን ከወናፉ ላይ ሳያነሣ ያን ትልቅ እጁን ዘርግቶ «ይስጡኝ፣ ይስጡኝ» አለ። በሩ ላይ ከቆሙት አንዱ ያን የተዘረጋ እጅ አየና ተኮሰ።

ጥይቱ አንገቱን በጎን በኩል ቦደሰው። ላጲሶ በወናፉ ላይ በደረቱ ወደቀ። በክብደቱ የተጨመቀው አየር በአንድ ጊዜ ሲወጣ እሳቱ እስከ ጣሪያው ተወነጨፈ፤ ከዚያ ወረደና ጠፋ። ደሙ በግድግዳው፣ በመደርደሪያው፣ በልጅቷ ፀጉር ላይ ነበር። ነጠላዬን አውልቄ አንገቱ ላይ ተጫንኩት። በጣቶቼ መካከል እየገፋ ይወጣ ነበር። ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ነበረው፤ ትንፋሹ ግን ከአፉ ሳይደርስ በቁስሉ ወጣ። በኮሌታዬ ጎትተው ሲያነሡኝ እግሩ ገና ወናፍ እንደሚረግጥ ሰው ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

የሺአረግን ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ዓይኗ ላጲሶ ላይ ነው፤ እጆቿ ግን ያን የጋለ ቱቦ ማሽከርከራቸውን አላቆሙም። ሕጉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንዱ «ጣይው!» አላት። «አልቀዘቀዘም» አለችው፤ ነገሩ እንዲገባው ለማስረዳት እንጂ ለመሟገት አልነበረም። በሰደፍ የእጅ አንጓዋን መታት። ብርጭቆው መዳፏ ውስጥ ተሰበረ፤ ለስላሳው ጫፍ ከሥጋዋ ጋር ተጣበቀ። ሽታው ከአፍንጫዬ እስከ ዛሬ አልወጣም። አልጮኸችም። ሙክታር ነው የጮኸላት፤ እሱንም አፉን በሰደፍ አሉት፤ ጥርሱን ከደሙ ጋር ተፋ።

መንታውን በላጲሶ ጃኬት ጠቅልለው ወሰዱት። እኛንም ወሰዱን። ላጲሶን እዚያው ትተውት ሄዱ።

የተወሰድነው ወዴት እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም። ዓይኔን በጨርቅ አስረው፣ እጄንና ጉልበቴን አቆራኝተው በእንጨት ላይ ሰቀሉኝ፤ ያን ወፌ ላላ የሚሉትን። ከሚመቱኝ አንዱ ቀልደኛ ነበር። «መምህር፣ የዛሬው ፈተና የቃል ነው» አለኝ። ማን እንዳደራጀኝ፣ ስንት እንደሠራሁ፣ የቀረውን የት እንደቀበርኩ በየምቱ መሐል ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ጥያቄ ሲቀርብልኝ መመለስ ልማዴ ስለሆነ ስለ አልኮል እንፋሎት ግፊት ማስረዳት ጀመርኩ። «ይኸው፣ ደወል ተደወለ፣ ክፍል ገባን!» አለ። ሌላውም ሳቀ። ከዚያ ተረከዜ ላይ አሳረፈብኝ። አጥንቱ ሲላቀቅ ሰማሁት፤ የእርጥብ እንጨት ድምፅ አለው። ራሴን ስስት ውኃ ያፈሱብኛል፤ ስነቃ ያንኑ ጥያቄ ካቆመበት ይቀጥላል። በዚህ ረገድ ሥርዓት ያለው ሰው ነበር።

በክፍሉ ውስጥ አንድ የማይናገር ሰውም ነበር። ቀልደኛው በየመሐሉ «ጓድ፣ ይጨመር?» እያለ ይጠይቀዋል። መልስ አልሰማም፤ አንዳንዴ ይጨመራል፣ አንዳንዴ አይጨመርም።

በመጨረሻ ያስተማርኳቸውን ልጆች ስም ጠየቁኝ። የሞቱትን ነገርኳቸው፤ ላጲሶንና በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወባ የገደለውን አንድ ቀጭን ልጅ። ቀልደኛው «ሙታን አንፈልግም፤ የመጀመሪያው ማን ነው? ጋራዡን አብሮህ የከፈተው?» አለኝ። አላስታውስም አልኩ። «የአልኮልን ግፊት እስከ ነጥቡ የሚያስታውስ ሰው ይህን ረሳ?» አለና መታኝ። አላስታውስም አልኩ። ቀኝ እግሬን ትቶ ወደ ግራው ሄደ። አላስታውስም አልኩ። ያኔ ቆዳው ተገፎ ስለነበር የዱላው ጫፍ በመጣ ቁጥር ከሥጋዬ ጥቂት ይዞ ይመለሳል። አላስታውስም አልኩ።

ዱላው ቆመ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ከጠረጴዛው በኩል አንድ ነገር ሰማሁ። ሰው ብርጭቆ አነሣ። ቀጥሎ የጥፍር ድምፅ መጣ፤ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ተብሎ። መንታው ጥርት ብሎ ጮኸ። ድምፁ እስኪያልቅ ተጠበቀ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ብርጭቆው በዝግታ እንጨቱ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጥንድ ጫማ ወደ በሩ ሄዶ ወጣ። ቀልደኛው ተከትሎት ወጥቶ ሲመለስ «ይበቃዋል ተብሏል» አለና ፈታኝ። ከዚያ ወዲያ እግሬን የነካኝ የለም።

ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ገሰሰ እንዲያ አያደርግም፤ ቀልደኛውም አያደርግም። ቦምብ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ጆሮው ዘንድ አስጠግቶ በጥፍሩ አይነካውም። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩ ምን እንደሆነ አጥርቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ከዚህ ያለፈ ነገር አላልኩም፤ ካየሁትና ከሰማሁት አልፌ መናገር አልወድም። ያን ቀን ደግሞ ዓይኔ ታስሮ ነበር።

ይህ የሆነው ማክሰኞ ነው። ሙክታርን የወሰዱት ሐሙስ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በልልኝ።

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ሙክታር ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበር። አፉ ስላበጠ ቃሉ ደህና አይወጣለትም፤ ቢሆንም አላረፈም። «ጋሼ፣ ያን ቀን ባልስቅ ኖሮ…» ይለኛል። መሳቅ ወንጀል አይደለም እለዋለሁ። «ገሰሰ ግን እንዴት ጨፈረ!» ይልና ደግሞ ይስቃል፤ የተሰበረ ጥርሱን ነፋስ ሲነካው ይጮኻል። ሐሙስ ሊመሽ ሲል ስሙን ጠሩት። እጄን ስሞ ወጣ። በማግሥቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ተጥሎ ተገኘ። ሦስት ቦታ ተመትቷል፤ ደረቱ ላይ «ቦምብ ሠሪ ነበርኩ» የሚል ወረቀት ሰክተውለታል። ወረቀቱን በኋላ አይቼዋለሁ፤ የሙክታርን ፊደል አውቃለሁ፣ የእሱ ጽሕፈት አይደለም። ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ እያየው አለፈ። አባቱ ሬሳውን ለመጠየቅ ቢመጡ ለቅሶ ክልክል ነው ተባሉ።

እኔን ቅዳሜ ዕለት ያለ አንድ ጥያቄ ለቀቁኝ። በማን ቃል እንደተፈታሁ ማንም አልነገረኝም። ቤቴ ስገባ የላጲሶን ደም የጎረቤት ሴቶች በአመድ አሽተው ሊያስለቅቁት ሞክረዋል፤ ሲሚንቶው ግን ጠጥቶታል። የሙክታር አባት በሦስተኛው ቀን መጡ። ተቀመጡ። በኋላ «መምህር፣ ልጄ እዚህ ምን ነበር የሚሠራው?» አሉኝ። እንዴት እንደሚነፋ፣ እንዴት እንደሚዘጋ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እጁ ጎበዝ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጎበዝ ነበር አልኳቸው። «እንግዲያው ይበቃኛል» ብለው ተነሡ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። እኔም እግር የለኝም፤ ሁለታችንም እዚያው ተቀምጠን ቀረን።

ስለ ሞቱት ምንም እንድታደርግ አልጠይቅህም። የምጽፍልህ ስለ የሺአረግ ነው።

እናቷ በየቀኑ ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ፤ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ ልጁ አለ ማለት ነው፤ «ከእንግዲህ አታምጡ» ከተባለ የለም። በሩ ላይ ስንቁን የሚቀበለው ገሰሰ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ እጇ እንዴት ሆነላት ብለው ሲጠይቁት ዓይናቸውን ሳያይ «ትበላለች፣ እማማ፣ ትበላለች» ይላቸዋል። ሳህኑም ባዶ ሆኖ ይመለሳል። እሳቸው ባዶውን ሳህን ይስማሉ።

እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ቃሪያው ነው። የሺአረግ ቃሪያ አትበላም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለቅማ ሳህኑ ጠርዝ ላይ የምታስቀምጥ ልጅ ናት። እናቷም ይህን ስለሚያውቁ ሆን ብለው በየቀኑ ይጨምሩበታል፤ ሳህኑ ሲመለስ ቃሪያው በጠርዙ ተደርድሮ ሲያዩት የልጃቸውን ፊት ያዩ ያህል ነበር። ካለፈው ዓርብ ወዲህ ሳህኑ ቃሪያ የለውም። ወይዘሮ ደብሪቱ «ረሃቡ አስለመዳት» ብለው ደስ አላቸው። እንዳሉትም ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው እየበላላት ሊሆንም ይችላል። ባዶ ሳህን የሚያስረዳው ምግቡ መበላቱን ብቻ ነው። ይህን ለእሳቸው መናገር አልቻልኩም፤ ለአንተ ነገርኩህ። እጇ ደግሞ ካልታጠበና ብርጭቆው ካልወጣላት ጥይትም ሳያስፈልግ ይገድላታል።

የምጠይቅህ ይህን ነው። ያን መንታ ያዳመጠውን ሰው ፈልግልኝ። እዚያ አካባቢ የምታውቃቸው ሰዎች እንደማይጠፉ አስባለሁ። ፍርዱን በሚሰጡት ሰዎች ፊት ቆሞ መንታውን በመዳፉ ይያዘው። እስኪፈላ ይጠብቅ። ከዚያ ለቀልደኛው ይስጠውና በእሱም እጅ ይፍላ፤ ለሁሉም በየተራ ያዙት ይበላቸው። ሲጨርስ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገራቸው። ከዚያ የተረፈችውን ልጅ እጇን ይዞ ያውጣት።

ከየት አወቅከው እንደሚሉት አውቃለሁ። ይህን የተናገረ ሰው በማግሥቱ እሱ ራሱ በእንጨቱ ላይ ሊሰቀል እንደሚችልም አውቃለሁ፤ ቀላል ነገር የምለምን አይምሰልህ። ነገር ግን እግሬ እስኪገፈፍ አላስታውስም ያልኩት ሰውየው ስሙን ይዞ ለዘለዓለም እንዲደበቅበት አይደለም። ስሙን ራሱ የሚናገርበት ቀን ይኖረው ዘንድ ነው።

ደብዳቤውን በፖስታ አልሰደድኩትም፤ እናትህ በእጇ ታደርስልሃለች። አላነበበችውም። ስለ ማክሰኞው ነገር አንዳች አልነገርኳትም፤ ወደፊትም አልነግራትም። አሁንም የምታውቀው ስኳርና ዘይቱን ብቻ ነው።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥቅል አለ። የመጀመሪያው መንታህ ነው፤ በተማሪነትህ ሠርተህ ለእናትህ የሰጠሃት፣ እስከ ዛሬ ከሬዲዮው አጠገብ የተቀመጠው። ለጥቂት ቀን ለልጅሽ ልስደድለት ብዬ ለመንኳት፤ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ። አንዱ ኳስ ትንሽ ጠመም ያለ ነው፤ ያኔ ማሽከርከሩን ቶሎ አቁመህ ነበር። በጥጥ ከመጠቅለሌ በፊት አዳምጬዋለሁ፤ ደህና ነው። መንገድ ላይ ተሰንጥቆ እንደሆነ ሲደርስህ ጆሮህ ዘንድ አስጠግተህ በጥፍርህ ነካ አድርገው። ይህን ልማድ እንዳልተውከው አውቃለሁ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ። ሳልህን ይማርልህ። እናትህን የምትጦር ያድርግህ፤ ልቅሶህን አያሳያት። በክርስትናህ ቀን ክንዴ ላይ ነበርክ። ካህኑ ሲጠይቁኝ ወደ ምዕራብ ዞሬ «ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ» ብዬ ስለ አንተ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ አንተ አፍ አልፈታህም ነበርና። አሁን አፍ አለህ።

በወረቀት ለመመለስ ካልተመቸህ ግድ የለኝም፤ የወይዘሮ ደብሪቱ በር ተንኳክቶ ልጅቷ ከገባች መልስህ ደርሶኛል ማለት ነው። ይህ የማይሆን ከሆነም ለእኔ ብለህ አትሸሽገኝ፤ አለች ወይም የለችም ብለህ ጻፍልኝ። ስንቁ ነገም ይሄዳል፤ ቃሪያም ይኖርበታል። እባክህ ልጄ፣ ቶሎ መልስልኝ።

የክርስትና አባትህ